በአቦይ ሓጎስ ግድግዳ ውስጥ የነበረችው

ይህን የምጽፈው በሰፈራችን ሦስት ዓመት ሙሉ ሲነገር የኖረን ሐሰት ለማረም ነው። ሐሰቱን ፈጥሬ ያወራሁት እኔ አይደለሁም፤ ነገር ግን ሲወራ እየሰማሁ ዝም ብያለሁ፤ ዝም ያለም ከተናጋሪው እኩል ነው። ከመቐለ በስተ ሰሜን፣ ወደ ውቅሮ በሚወጣው መንገድ አጠገብ የሚኖሩ ጎረቤቶቼ እኔን ለእንግዳ ሲያሳዩ "አራሷን ከእባብ ያዳናት መምህር ይህ ነው" ይላሉ። የአቦይ ሓጎስን ቀኝ እጅ ሲያዩ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "የእባቡ ርግማን ነው" ይላሉ። ሁለቱም ልክ አይደለም። በዚያ ቤት እባብ አልነበረም። የነበረችው ሌላ ናት፤ የሆነውንም ሳልጨምርና ሳልቀንስ አስቀምጠዋለሁ።

ያን ጊዜ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነበርሁ። አባቴ ከሸዋ ለጽሕፈት ሥራ መጥቶ በዚሁ ከተማ ያረፈ ሰው ነው፤ ከእርሱ የወረስሁት አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ሙሉ መጻሕፍትና ቀጥ ብሎ የመቀመጥ ልማድ ነበር። በወረራው ዘመን የጣሊያንን ቋንቋ ማንበብ ተምሬ ስለ ነበር፣ እነርሱ ሲወጡ በገበያ መሬት ላይ ተዘርግተው ከተሸጡት ዕቃዎች መካከል ስለ እንስሳት የተጻፈ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም መጽሐፍ ገዝቼ ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት። በበጋ ሕፃናትን ፊደልና ቁጥር አስተምራለሁ፤ በክረምት ከክፍሌ እምብዛም አልወጣም። ሰው ጠይቆኝ ሳልመልስ የቀረሁበትን ቀን አላስታውስም። በሣጥኔ ውስጥ "አላውቅም" ማለትን የሚያስተምር መጽሐፍ አልነበረም።

ክፍሏን ያከራዩኝ አቦይ ሓጎስ ግንበኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ያን ጊዜ ስልሳን ተሻግሮ ነበር። ቤታቸውን የሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ድንጋዩን ከገደሉ ሥር ፈልጠው፣ በአህያ አመላልሰው፣ ያለ ኖራ፣ በጭቃና በትዕግሥት ብቻ አቁመውታል። በሥራቸው አንድ የማይለቁት ልማድ ነበራቸው፦ ድንጋይ ካስቀመጡ በኋላ የቀኝ እጃቸውን ሌባ ጣትና መካከለኛ ጣት አጣምረው መገጣጠሚያውን ይለካሉ። ሁለቱ ጣቶች ከገቡ ድንጋዩን አንሥተው እንደ ገና ይጠርቡታል። "ሁለት ጣቴ ያልገባበት፣ ተመን አይገባበትም" ይሉ ነበር፤ ተመን በትግርኛ እባብ ነው። ከተማው ውስጥ እርሳቸው የሠሩት ግድግዳ የትኛው እንደ ሆነ ሳይነገረኝ በዓይኔ እለየው ነበር።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ በሁለተኛው ክረምት ልጃቸው ለተብርሃን የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ፣ እንደ ልማዱ፣ ወደ አባቷ ቤት መጣች። ባሏ ገብረመድህን ግመለኛ ነው፤ በበጋ ከአርሖ፣ ማለትም ከጨው ነጋዴዎቹ የግመል ጉዞ ጋር፣ ወደ አፋር ወርዶ ጨው ያመላልሳል፤ ክረምቱን ግመሎቹን ከጭቃ ለማሸሽ ቆላ ይዟቸው ይከርማል። ስለዚህ ልጁ ሲወለድ አልነበረም። ያዋለዷት አደይ ስላስ የተባሉ ጎረቤት ናቸው፤ ከአራሷ ጎንም አይለዩም ነበር።

ለተብርሃን ወንድ ልጅ በወለደች በዐሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት፣ ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ከጓሯችን በታች ያለውን ወንዝ ሞልቶ የአትክልቱን ካብ ጠርጎት አደረ። እኔ ከመጽሐፍ ጋር ተቀምጬ ሳለሁ አደይ ስላስ "መምህር! ኧረ መምህር!" እያሉ ተጣሩ። ሄጄ ከአራሷ መጋረጃ ውጭ ቆምሁ።

"ምን አየሽ?" ብዬ ለተብርሃንን ጠየቅኋት።

"ገመድ የሚመስል ነገር፣ መምህር። ስንዝር ተኩል ይሆናል። በግድግዳው ሥር ሥር ሄደና ድንጋዮቹ መካከል ገባ።"

"ራሱን አየሽው?"

"አላየሁትም። ደግሞ… እንዳይስቁብኝ… ጅራቱ ሲንጫጫ ሰማሁ።"

"እባብ አይንጫጫም፤ ያፏጫል። ከድካም የተነሣ ይሆናል።"

በግቢው ሌላዋን ክፍል የተከራየው ሰይድ ከኋላዬ መጥቶ ቆሞ ነበር። ሰይድ የወሎ ሰው ነው፤ በጨው ገበያ ሸክም ይሸከማል፤ ሳይቀልድ አፉን አይከፍትም።

"መምህርዬ፣ እባብማ ከሆነ ፊደል አስቆጥረው፤ 'ሀ'ን ሳይጨርስ አገር ለቆ ይሄዳል" አለ። ከዚያም ድምፁን ለወጥ አድርጎ፣ "ትናንት ደግሞ ድመቲቱ አንዲት ግራጫ ነገር ገድላ ደጃፍ ላይ ጥላት ነበር። አልበላቻትም። ሽታዋ ወላሂ አይጣል ነው" አለ።

"አይጥ ትሆናለች። የጠገበች ድመት አትበላም" አልሁት።

"የእኛ ድመት መቼ ጠግባ ታውቃለች?" አለ ሰይድ።

እኔ ግን አባቴ ያስተማረኝን አንድ ዘዴ ማሰብ ጀምሬ ነበር። በወንፊት የተነፋ ዐመድ በግድግዳው ሥር ማታ እንዲነሰነስ ነገርኋቸው፤ የሚያልፈው ሁሉ ጠዋት ራሱን ጽፎ ይገኛል።

ጠዋት አራሷን በመጋረጃ ከለሏትና ገባሁ። በዐመዱ ላይ ከአንዱ መገጣጠሚያ ተነሥቶ እየተጠማዘዘ ወደ ሌላው የገባ፣ ያልተቋረጠ አንድ መስመር ነበር። በመስመሩ ግራና ቀኝ መርፌ የወጋቸው የሚመስሉ ጥቃቅን ነጥቦች ነበሩ፤ ጣሪያው የሚያንጠባጥበው ውሃ ነው ብዬ አለፍኋቸው። ቀና ብዬ ጣሪያውን ማየት ይገባኝ ነበር። ደረቅ ነበር። ያን ያወቅሁት በኋላ ነው።

"እባብ ነው" አልሁ።

አቦይ ሓጎስ መዳፋቸውን በግድግዳው ላይ እንደ ዘረጉ ቆመው ነበር፤ የበሬን ጎን የሚዳብሱ ይመስሉ ነበር።

"ወደይ፣ ይህን ግድግዳ የሠራሁት እኔ ነኝ" አሉ። ወደይ ማለታቸው ልጄ ሲሉ ነው።

"ዐውቃለሁ፣ አቦይ።"

"እንግዲያስ በየት ገባ?"

"የእባብ አጥንት ይታዘዝለታል፤ ሰውነቱን ያጠባል። መጽሐፉ ላይ አለ።"

ሄጄ መጽሐፉን አመጣሁ። እባብ በአሸዋ ላይ ሄዶ የተወውን ምልክት የሚያሳይ ሥዕል ነበረበት፤ ከዐመዱ ጋር አስተያይቼ አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ሥዕሉን ግን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ሁለቱን ጣቶቻቸውን አጣምረው መስመሩ የገባበትን መገጣጠሚያ ለኩት። አልገቡም። እንደ ገና ሞከሩ፤ አልገቡም። ጣቶቻቸውን አየት አድርገው እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው መለሱ።

"መጽሐፉ ይገባል ይላል?"

"ይላል።"

"እንግዲያስ እጄ አርጅቷል" አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ያን ቃል ስሰማ አልደነገጥሁም። ለዕውቀት የተሰጠ ክብር መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ምክሩ ወዲያው ተቆረጠ። በመጀመሪያ ግድግዳው በበርበሬ ጢስ ይታጠናል፤ እንስሳው ካልወጣ በአልጋው በኩል ያለው ይፈርሳል። ጢሱን ሕፃኑ ስለማይችለው አራሷ ከቤት ትውጣ ተባለ። አደይ ስላስ በዚህ ጊዜ ተነሥተው በሩ ላይ ቆሙ።

"ክርስትና ሳይነሣ አራስ ደጃፍ ትሻገራለች? በዚህ ዝናብ? ሓጎስ፣ አንተስ አባት ነህ?"

"ተመን ካለበት ክፍል ከምትተኛ ይሻላል፣ ስላስ።"

"ማን አየው ተመኑን?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። "ዐመዱ ጽፎታል" አልሁ።

አደይ ስላስ ከበሩ ላይ ዞር አሉ። ለተብርሃን እንደ ልማዱ ቢላዋ በእጇ ይዛ፣ ሕፃኑ በኩታና በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ሰይድ ስልቻ ከላያቸው ዘርግቶ፣ ግቢውን አቋርጠው ወደ እኔ ክፍል ገቡ። የአደይ ስላስ ቤት ከሞላው ወንዝ ማዶ ነው፤ የሰይድ ክፍል ደግሞ አራት ሸክም ተሸካሚዎች የሚያድሩባት ናት። የእኔዋ ምድጃ የላትም፤ ጣሪያዋም ያፈሳል። ከሰል ብናስገባ ጢሱ ሕፃኑን አሳለው፤ መልሰን አወጣነው።

ጢሱ እስከ ረፋድ ተንቦለቦለ፤ ሁላችንም አለቀስን፤ ከግድግዳው የወጣ ነገር ግን አልነበረም። አቦይ ሓጎስ ድጅኖ አነሡ። የመጀመሪያውን ድንጋይ ሲያነቃንቁት ፊታቸውን አላየሁም፤ ወደ እኛ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት የሰኩትን እያንዳንዱን ድንጋይ በየተራው አውጥተው፣ መልሰው እንደሚገነቡት ሁሉ፣ በወለሉ ላይ በረድፍ ደረደሩት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲደርሱ የግድግዳው ሆድ ዕቃ፣ በሁለቱ ፊቶች መካከል የሚሞላው ጠጠርና ጭቃ፣ ዝናቡ አርሶት ኖሮ ሸርተት አለ፤ የውጭው ፊትም ተከትሎት ወደ ጓሮ ተናደ። ሦስት ክንድ ያህል ቀዳዳ ተከፍቶ ቀዝቃዛው ነፋስ ወደ ቤቱ ገባ።

ያን ጊዜ ወጣ። ግራጫ፣ ቀጭን፣ ስንዝር ተኩል ርዝማኔ ያለው ነገር ከፍርስራሹ መካከል እየተጠማዘዘ ወደ ሰይድ እግር መጣ።

"ምታው!" ብዬ ጮኽሁ።

ሰይድ አካፋውን አወረደው።

እባቡ ተቆረጠ፤ ቁራጮቹም ሮጡ። የፊተኛው ቁራጭ አራት እግር ነበረው፤ እንደ ጦር ጫፍ የሾለና ሳያቋርጥ የሚንቀጠቀጥ አፍንጫ ነበረው፤ ጢሙ ከሰውነቱ ይበልጥ ነበር። የኋለኞቹም እያንዳንዳቸው የባቄላ ፍሬ የሚያህሉ፣ ዓይናቸው ገና ያልተገለጠ ልጆች ነበሩ። ስድስት ነበሩ። የመጀመሪያው የእናቱን የጅራት ሥር በጥርሱ ነክሶ፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን፣ ሦስተኛው ሁለተኛውን፣ እንዲህ እየተያያዙ ነበር የሄዱት። ሦስቱ ከአካፋው ሥር ቀርተዋል።

ከውጭ ድምፅ ሰማን። ለተብርሃን ከእኔ ክፍል በር ላይ ሆና፣ ተንዶ በተከፈተው በኩል ታየን ነበር።

"አርሖ እኮ ናቸው!" አለች። "ልክ እንደ ገብረመድህን ግመሎች… አንዱ በአንዱ ጅራት ታስረው… አርሖ ናቸው እኮ!"

ሰይድ አካፋውን ከእጁ ጣለው። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አላገኘም።

እናቲቱ አመለጠች ብዬ ነበር። አልሸሸችም። የእጅ ጣት የማታህል ፍጥረት፣ በቀን ብርሃን፣ በሦስት ሰዎች እግር መካከል ተመለሰች። የቀሩትን ልጆች በአፍንጫዋ ነካ ነካ አደረገቻቸው፤ ፊቷን አዙራ ጀርባዋን ሰጠቻቸው፤ አንዱ ነከሳት፤ ሌላው የወንድሙን የጅራት ሥር ነከሰ። ሦስተኛው ራቅ ብሎ ወድቆ ስለ ነበር አላገኛትም። ትንሽ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ሁለቱን አስከትላ ወደ ድንጋዮቹ ገባች።

የቀረውን አነሣሁት። በእጅጌዬ ጫፍ ላይ ሳስቀምጠው ጨርቁን በጥርሱ ነክሶ ያዘና እግሮቹን ማንቀሳቀስ ጀመረ። እናቱን የያዘ መስሎት ሊከተለኝ ይሞክር ነበር።

አቦይ ሓጎስ ጎንበስ ብለው አዩት።

"አቦይ፣ እባብ ነው ያልሁት እኔ ነኝ" አልኋቸው። "አላየሁም ነበር። ዐወቅሁ ብዬ ነው የተናገርሁት።"

"አንተ የተሳሳትኸው በመጽሐፍህ ነው፤ እኔ የተሳሳትሁት በእጄ ነው" አሉኝ። "የእኔ ይብሳል፣ ወደይ። እጄ ነግሮኝ ነበር።"

ከዚህ በላይ ለመነጋገር ጊዜ አልነበረም፤ አደይ ስላስ ከክፍሌ እየሮጡ መጡ። ሕፃኑ ጡት መያዝ ትቷል። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ እግሮቹ እንደ ወንዝ ጠጠር ቀዝቅዘዋል። "ወደ እሳት ካልመለስነው ማታን አያይም" አሉ፤ የተናገሩት በለሆሳስ ነበር፤ ስለዚህ ሁላችንም አመንናቸው። እሳት ያለበት ቤት ደግሞ ሦስት ክንድ ተከፍቶ ነበር፤ ከምሥራቅ በኩልም ደመናው እየከበደ ይመጣ ነበር።

"ዝናቡ ሳይደርስ እዘጋዋለሁ" አሉ አቦይ ሓጎስ።

ጭቃውን ሰይድ በእግሩ ረገጠ፤ ድንጋዩን እኔ አቀበልሁ። መጽሐፍ እንጂ ድንጋይ ያልለመደው እጄ በመጀመሪያው ሰዓት ተላጠ። አቦይ ሓጎስ ድንጋዮቹን ሳያዩ በስማቸው የሚጠሯቸው ይመስሉ ነበር፦ "ያንን ሰፊውን… አይደለም፣ ከጎኑ ያለውን… አዎ፣ እርሱ የዚህ ነው።" በየመካከሉ ሰይድ ሕፃኑ እንዴት እንደ ሆነ ሊጠይቅ ይሮጣል፤ ሲመለስ ጭቃውን ከበፊቱ አብልጦ ይረግጣል።

የመጨረሻው ረድፍ ሲቀር ለተብርሃን ከክፍሌ ተጣራች፤ ልጁን ከሥጋዋ ጋር አጣብቃ ይዛዋለች።

"አቦ! ስትዘጋው ለእርሷ መግቢያ ተውላት።"

"ለዓንጭዋ በር?" አሉ አደይ ስላስ። ለአይጥ ማለታቸው ነበር። "ሰው የሚለውን ስሙ!"

"አደይ ስላስ፣ እርሷም አራስ ናት።"

አቦይ ሓጎስ ወደ ግድግዳው ግርጌ ወርደው፣ አስቀምጠውት የነበረውን አንድ ትንሽ ድንጋይ አወጡ። "ሁለት ጣት አይገባም፣ አንድ ጣት ይገባል፤ እንደዚያ አደርገዋለሁ" አሉና ሊለኩ የቀኝ እጃቸውን ሁለት ጣቶች አስገቡ። በዚያው ቅጽበት እኔና ሰይድ ከላይ የመዝጊያውን ትልቅ ድንጋይ ደግፈን ነበር። ዝናቡ ጀመረ። ድንጋዩ ረጠበ። ከእጄ የሾለከው በእኔ በኩል ያለው ጫፍ ነው፤ ይህን ለመጻፍ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ድንጋዩ ወርዶ ከግርጌው እጃቸው ላይ አረፈ። ድንጋዩን ስናነሣላቸው እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰብስበው፣ በግራ እጃቸው እያመለከቱ፣ "መጀመሪያ ዝጋው። መጀመሪያ ዝጋው፣ ወደይ" አሉ። ዘጋሁት። በሕይወቴ ያስቀመጥሁት ብቸኛ ድንጋይ እርሱ ነው። ለተብርሃንና ልጇ ገቡ፤ እሳቱ ነደደ፤ ዝናቡ የውጭውን ፊት ይደበድበው ጀመር፤ አንድ ጠብታ አልገባም። ከመምሸቱ በፊት አደይ ስላስ ከመጋረጃው ጀርባ እልል አሉ። ሕፃኑ ጡት ይዟል።

እጅጌዬን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ትንሹ እንስሳ ቀዝቅዟል። ጥርሱ ግን ጨርቁን አልለቀቀም።

የአቦይ ሓጎስ ጣቶች አልዳኑም፤ ሐኪሙ ከሥራቸው ቆረጣቸው። ከዚያ በኋላ በመዶሻና በመሮ ድንጋይ አልጠረቡም።

አሁን ስለ እርሷ የማውቀውን ልናገር። በአማርኛ የብቻዋ ስም እንዳላት አላውቅም፤ ያገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ አይጥ ይሏታል፤ እኔ ሹል አፍንጫ እላታለሁ። አይጥ አይደለችም። የአይጥ የፊት ጥርስ ለመከርከም የተሠራ ነው፤ የእርሷ ግን ነጭና እንደ መርፌ የሾለ ነው። ጎተራ አትነካም፤ ልብስ አትበላም። ምግቧ ፌንጣ፣ ጥንዚዛ፣ ትልና የእሳት ራት ነው፤ በአንድ ቀን የራሷን ክብደት ያህል ትበላለች። ግማሽ ቀን ከጾመች ትሞታለች፤ ስለዚህ ቀንም ሌሊትም ጥቂት ትተኛለች፣ ጥቂት ታድናለች። ዓይኗ ደካማ ነው፤ ዓለምን የምታውቀው በአፍንጫዋና በጢሟ ነው። ከጎኗ የሚወጣው ሽታ ድመት እንኳ ገድላ እንዳትበላት ይጠብቃል፤ ሰይድ ያየው ይህንን ነበር። መኖሪያዋ እርጥብ ሣር ያለበት የወንዝ ዳርና የድንጋይ ካብ ነው። የእኛይቱ ካቧን ወንዙ ጠርጎባት ልጆቿን አስከትላ፣ በአገሩ ካለው ሁሉ በጥሩ ሁኔታ ወደ ተሠራው ግድግዳ ተሰድዳ መጥታ ነበር። በዐመዱ ላይ ያየሁት መስመር የስድስቱ ልጆች የሚጎተት ሆድ ነበር፤ ነጥቦቹም የእነርሱና የእናታቸው ሃያ ስምንት እግሮች።

ይህን ያህሉን እንዴት ዐወቅህ ቢባል፣ ከፊሉን ያወቅሁት በዚያው ክረምት ከግድግዳው ፊት ለፊት ተቀምጬ በማየት ነው። በአራተኛው ቀን አመሻሽ ላይ አንድ ጣት ከምታስገባው ቀዳዳ ወጣች፤ ሁለቱ ከኋላዋ ተያይዘው ነበር። ለተብርሃን ሕፃኑን አቅፋ ከአልጋዋ ሆና አየቻት፤ "በደኅና ግቢ" አለቻት። ከፊሉን ደግሞ ያገኘሁት በዚያው በጣሊያንኛው መጽሐፍ ነው። ስለ እርሷ አንድ ሙሉ ገጽ ነበረው፤ ልጆቿ ተያይዘው የሚሄዱበት ሥዕልም ነበረው። ገጹን ከዚያ በፊት አንብቤዋለሁ፤ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ፣ በራሴ የእጅ ጽሕፈት፣ "እዚህ ግባ የማይባል" የሚል ተጽፎበታል።

አንባቢ ሆይ፣ መጻሕፍትን አልጣልሁም፤ ይልቁንም በዝተዋል። መጽሐፉ አልዋሸኝም፤ ያየሁትን ሳልጨርስ የፈለግሁትን ገጽ የገለጥሁት እኔ ነኝ። ነገር ግን ዛሬ ሰው ሊጠይቀኝ ሲመጣ አስቀድሜ "አንተስ ምን አየህ? እጅህ ምን ነገረህ?" እለዋለሁ። ካልመለሰልኝ አብሬው ሄጄ አያለሁ። በተማሪዎቼ ፊትም "አላውቅም" ማለትን ጀምሬያለሁ፤ መጀመሪያ ሳቁ፤ አሁን እነርሱም ይሉታል።

አቦይ ሓጎስ ዛሬ ወጣት ግንበኞችን ያሠለጥናሉ። ድንጋይ ሲቀመጥ፣ የሚለኩባቸው ሁለቱ ጣቶች ስለሌሉ፣ የእኔን እጅ ይዘው ወደ መገጣጠሚያው የሚወስዱበት ጊዜ አለ። "ገባ?" ይሉኛል። "አልገባም፣ አቦይ" እላቸዋለሁ። "እንግዲያስ እመነው" ይላሉ። ይህን ጽሑፍ ሳነብላቸው እስከ መጨረሻው ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ የጠፋው ልክ በልክ ይጻፍ አሉ።

የሹል አፍንጫዪቱ ልጆች፣ አራት።

የአቦይ ሓጎስ የቀኝ እጅ ጣቶች፣ ሁለት።

እባብ፣ አንድም የለም።